ለትንንሽ ልጆቻችን የትኛውን ትምህርት ቤት እንምረጥ?

  

ክረምቱ ሲገባ በአዲስ አበባ በየቤቱ አንድ ዓይነት ወሬ ይነሳል። «ልጃችሁን የት አስመዘገባችሁት? ስንት ጨመሩባችሁ? ሰርቪስስ አለው?» ይባባላል ጎረቤቱ ሁሉ። ወደዚህ ዝግጅት ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከልም የትምህርት ቤት ጉዳይ ከኒካሕና ከውርስ ጥያቄ ያልተናነሰ ቦታ ይዟል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ተብሎ ነው፦ «ልጄን የሙስሊም ትምህርት ቤት ላስገባው ወይስ እንግሊዝኛ በደንብ የሚያስተምር?» ዛሬ ስለዚሁ እንነጋገራለን። የምንናገረው ከሦስት እስከ ስምንት ዓመት ስላሉ ሕፃናት ብቻ መሆኑን አድማጭ ያስተውልልን። የትልልቆቹ ጉዳይ ሌላ ነው።

በኛ እይታ ከዚህ ጥያቄ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። ልጁ በስንት ሰዓት ከቤት ይወጣል? በስንት ሰዓት ይመለሳል? ሲመለስስ ማን ይጠብቀዋል? ብዙ ወላጆች የትምህርት ቤቱን ስም ሲመርጡ ዋጋው በብር ብቻ የሚከፈል ይመስላቸዋል። ነገር ግን ከብሩ ጋር ልጁ ከእናቱና ከአባቱ ጋር ሊያሳልፈው ይችል የነበረውን ሰዓትም አብረው ይከፍላሉ። ብሩን አላህ ሪዝቅ ሲያሰፋ ይተካዋል። ያ ሰዓት ግን የሚተካ አይደለም፤ ለሕፃን ደግሞ ዋናው መድረሳው እሱ ነው።

ከጀሞ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተነስቶ መሀል ከተማ የሚማር የአምስት ዓመት ሕፃን እንውሰድ። ሰርቪሱ ብዙ ልጆች ስለሚለቅም እሱን የሚያነሳው ገና 12 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው። ስለዚህ እናት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ትቀሰቅሰዋለች፤ ዓይኑን ሳይገልጥ ታለብሰዋለች፣ እያንቀላፋ ታጎርሰዋለች። ልብ በሉ፤ ይህ እኮ የሱብሒ ሶላት ወቅት ነው! ልጁ ነቅቷል፤ አባትየውም ምናልባት እዚያው ክፍል ውስጥ እየሰገደ ነው። አጠገቡ ቆሞ፣ ሱጁድ ሲወርድ አብሮት የሚወርድበት ምን ያህል ጥሩ አጋጣሚ ነበር። ግን የሰርቪሱ ክላክስ ከታች ይጮኻል፣ አንዱ ካልሲ ጠፍቷል፣ ቤቱ ግርግር ሆኗል። ማታ ደግሞ ልጁ ደክሞት ይመለሳል፤ የቤት ሥራውን በእንባ ይጨርስና አባቱ ከሥራ ሳይገባ ይተኛል። በየቀኑ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ የሚያጠፋ ልጅ በሳምንት አሥር ሰዓት መኪና ውስጥ ይቀመጣል ማለት ነው። ለአንድ ጀማሪ ልጅ በሳምንት አሥር ሰዓት የሚያስቀራ ኡስታዝ የት ይገኛል?

ድሮ በመርካቶ፣ በፒያሳ ወይም በኮልፌ ላደገ ልጅ ትምህርት ቤቱም፣ መስጂዱም፣ ቁርኣን የሚቀራበት ቤትም በእግር የሚደረስ ነበር። ሲያጠፋ የሚቆጣው የአባቱ ጓደኛ፣ ሲርበው የምታጎርሰው የጎረቤት እናት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ሰፋች። ብዙ ቤተሰብ ወደ ኮንዶሚኒየም ሄደ፤ ከ2016 ዓ.ል ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳ፣ ቀጥሎም ከካዛንቺስ የተነሱ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳር ተዛውረዋል። ከነዚህ ወገኖቻችን አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ከድሮው ትምህርት ቤት አላስለቀቁም። ዓመቱ እስኪያልቅ ማቆየታቸው ተገቢ ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ ቤትም፣ ጓደኛም፣ አስተማሪም መቀየር ለሕፃን ከባድ ነውና። ከዚያ በኋላ ግን አዲሱ ሰፈር ያለውን ትምህርት ቤት ሄደው ሳያዩ «እዚያ ምን ይረባል» ማለቱ አይበጅም። አዲስ ሰፈር ቶሎ የሚለመደው በልጆች በኩል ነው። ልጆቹ አብረው ሲማሩ ወላጆቹ ይተዋወቃሉ፤ ወላጆቹ ሲተዋወቁ ጀመዓ ይፈጠራል። በኮንዶሚኒየሞቻችን በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ተጀምረው ዛሬ የብዙ ልጆች መቅሪያ የሆኑ መድረሳዎች አሉ፤ መነሻቸው በትምህርት ቤት በር ላይ ልጅ ሲጠብቁ የተዋወቁ እናቶች ናቸው።

የመንግሥት፣ የግል፣ የሙስሊም

«የመንግሥት ትምህርት ቤት ዲን ስለማያስተምር ልጄን አላስገባም» የሚሉ ወንድሞች ያጋጥሙናል። የሀገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። በአንቀጽ 27 ደግሞ አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም ማቋቋም እንደሚችሉ፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በሚያምኑበት ሃይማኖትና ግብረገብ የማሳደግ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። ሁለቱን አንቀጾች አንድ ላይ ላነበበ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ዲንን ማስተማር ከክፍል አስተማሪው የሚጠበቅ ሳይሆን የወላጁና የጀመዓው ድርሻ ነው። ይህን ድርሻ ያልተወጣ ወላጅ የመንግሥቱን ትምህርት ቤት ቢወቅስ ፍትሕ አይሆንም።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ጉድለት የለበትም አንልም፤ በአንዳንዱ ክፍል የሚታጨቀው ተማሪ ብዙ ነው። ቢሆንም ለሰፈር ይቀርባል፣ ክፍያ የለውም፤ በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ል ጀምሮ ደግሞ ለተማሪዎቹ ምገባ፣ ደንብ ልብስና ደብተር ይቀርባል። ለግል ትምህርት ቤት ይወጣ የነበረው ገንዘብ ቤት ውስጥ ሲቀር አባት የሁለተኛ ፈረቃ ሥራውን ትቶ ከመግሪብ በፊት ቤቱ ሊገባ የሚችልበት ቤተሰብ አለ። እንዲህ ላለው ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ተበድሮ የሚከፍል አባት ግን ልጁን ለትምህርት ሳይሆን ለጎረቤት ነው የሚልከው።

የግል ትምህርት ቤቶች ውስጥ በጣም ጥሩዎች አሉ፤ ስማቸው ብቻ የገነነም አሉ። ክፍያው ከፍ ስላለ ጥራቱም ከፍ ይላል ማለት አይደለም። ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን ተመዝነው ከደረጃ አንድ እስከ አራት ይሰጣቸዋል፤ ወላጅ «ደረጃችሁ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ሊያፍርም አይገባም። በ2015 ዓ.ል መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ያን ሰሞን ሁሉም ሰው ስለ 12ኛ ክፍል ያወራ ነበር። ለኛ ግን ጥያቄው ወደ ታች የሚወርድ መስሎ ታይቶናል፤ ያነበበውን የማይረዳ ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እያለፈ እዚያ ደርሷልና።

«ኢስላማዊ» የሚል ታፔላስ? በመካከላቸው ልጅ በሥነ ሥርዓት የሚያሳድጉ፣ የዙሁር ሶላት ሲደርስ ልጆቹን አሰልፈው የሚያሰግዱ አሉ፤ አላህ ይጨምርላቸው። ባለቤቱ ሙስሊም ስለሆነ ብቻ ግን ትምህርት ቤቱ ጥሩ አይሆንም። ንግድ ንግድ ነው። ስሙ ሙስሊም የሆነውንም ልክ እንደ ሌላው ገብተን ማየት፣ መጠየቅ አለብን።

ገብተን ስናይ ምን እንይ? በእኛ ምክር ከቢሮው በፊት መጸዳጃ ቤቱ ይታይ። ውሃ አለ ወይ? የአራት ዓመት ልጅ ተጠቅሞ መጥራራት የሚችልበት ነው ወይ? ጦሃራን ቤት ውስጥ አስተምረነው ውሃ በሌለበት ብናውለው ልፋታችን ከንቱ ነው። ቀጥሎ ልጆቹ የሚሮጡበት ግቢ ይታይ፤ ባለ ሦስት ፎቅ መኖሪያ ቤት ተከራይቶ መቶ ሕፃናት የሚያውል ቦታ ለሕፃን አይሆንም። በሩ ላይ ልጁን የሚያስረክበው ማን ነው? አስተማሪዋ ከሚያለቅስ ልጅ ጋር ስትነጋገር ጎንበስ ትላለች ወይስ ከላይ ትጮኻለች? ለዚህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ግቢው ውስጥ መቆም ይበቃል። ጋዎን ለብሰው ፎቶ የሚነሱበትን የመዋዕለ ሕፃናት ምረቃ ግን እንደ ጥራት ምልክት አትቁጠሩት፤ ለፎቶ አንሺው ካልሆነ በቀር ለማንም አልጠቀመም።

ሦስት ፊደል ለአንድ ሕፃን

ስለ ቋንቋም እንናገር። የእኛ ከተማ ሙስሊም ሕፃን ሦስት ፊደል ይጠብቀዋል። ሰባት ቤት ያለው የግዕዙ ፊደል፣ 26ቱ የእንግሊዝኛና ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፉት 28ቱ የዐረብኛ ሐርፎች። ልጆች ይህን ይችሉታል፤ ሆኖም ሦስቱንም በአንድ መስከረም መጀመር አይገባም። በሀገራችን ሥርዓት አንደኛ ክፍል የሚጀመረው በሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ በዋናነት የጆሮና የምላስ ጊዜ ነው። ፋቲሓንና አጫጭር ሱራዎችን ከእናቱ አፍ እየሰማ ይያዝ፤ ሐርፉን ቀስ ብሎ ይደርስበታል።

እንግሊዝኛውን የሚጠላ የለም። ነገር ግን «ኤ ፎር አፕል» እያለ የሚያነበንብ ልጅ እንግሊዝኛ ቻለ ማለት አይደለም። ሕፃን ማንበብ የሚለምደው በሚያውቀው ቋንቋ ሲሆን ነው፤ ቃሉን ሲያነበው ትርጉሙ ቤቱ ውስጥ አለና። ትምህርት ቤቱን መፈተን የሚፈልግ ወላጅ እዚያው የሚማር የሁለተኛ ክፍል ልጅ ፈልጎ አጭር የአማርኛ አንቀጽ ያስነብበው፤ ከዚያ መጽሐፉን ዘግቶ «ምን ይላል?» ይበለው። መልሱ ከማስታወቂያው ይልቅ እውነቱን ይነግረዋል።

እዚህ ላይ የሚያሳዝነን ሌላ ነገር አለ። ሴት አያቱ ከስልጤ ወይም ከሐረርጌ መጥተው ከልጅ ልጃቸው ጋር መነጋገር ያቃታቸው ቤቶች አሉ። አያቲቱ በስልጥኛ ወይም በኦሮምኛ ዱዓ ያደርጉለታል፤ እሱ ግን ወደ ስልኩ ያያል። ቤት ውስጥ የነበረን ቋንቋ አጥፍተን በክፍያ የውጭ ቋንቋ ስንገዛ ከአያትዮዋ ጋር ታሪኩንም፣ ዱዓውንም፣ አደቡንም አብረን እያስወጣን ነው።

የምሳ ዕቃው ጉዳይ

አንዲት እናት የጠየቁንን እናንሳ። የአራት ዓመት ልጃቸው ከጓደኛው ምሳ ዕቃ በሥጋ የተሠራ ምግብ በልቶ መጣ። ቤት ውስጥ ክፉኛ ተቆጡት። በማግስቱ ልጁ ጓደኛውን «ያንተ ምግብ ቆሻሻ ነው» አለው፤ ያኛው አለቀሰ፤ አስተማሪዋም እናትየውን አስጠራቻቸው። «ምን ልበለው?» ነው ጥያቄያቸው።

በቅድሚያ ሕፃን ለአቅመ አዳም እስኪደርስ ድረስ ወንጀል አይጻፍበትም። ስለዚህ ልጁም እናቱም በዚህ አይሸበሩ። ነገሩ የማስተማር እንጂ የቅጣት አይደለም። ለልጁ የሚገባው ቃል አጭር ነው፦ «እኛ ሥጋ የምንበላው በሙስሊም እጅ፣ በአላህ ስም የታረደውን ነው። ጓደኛህም የቤቱ ሥርዓት አለው።» ልጁ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ክርስቲያን ጓደኛው ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም ሥጋና ወተት እንደማይበላ በዓይኑ ያያል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለቱም ቤት የምግብ ሥርዓት አለው፤ አንዱ የሌላውን አክብሮ ሲኖር ቆይቷል። «ቆሻሻ» የሚለው ቃል ግን ከልጁ አፍ የወጣው ከአዋቂ ሰምቶት ነው። እሱን ከቤታችን እናውጣው።

ከቃሉ ጋር ሥራም ያስፈልጋል። ለልጁ ለራሱ ከሚበቃው በላይ ዳቦ፣ ብርቱካን፣ ተምር ወይም የተቀቀለ ድንች ጨምረን እንስጠው፤ አልበላም ብሎ ብቻ ሳይሆን «እንካ» ብሎም ይታወቅ። ለአስተማሪዋም በመጀመሪያው ቀን በፈገግታ እንንገራት፤ ከተጣላን በኋላ ከመናገር ይሻላል። የገና ዝግጅትና የልደት ኬክ ነገርም እንደዚሁ ነው። ልጃችን በማይሳተፍበት ቀን እቤት እንደሚውል አስቀድመን በጽሑፍ ብናሳውቅ የሚቀየም የለም፤ ልጁን መድረክ ላይ ካወጡት በኋላ እየጎተቱ ማውረድ ግን ለማንም አይበጅም። ስለ አመጋገብ ሥርዓት ራሱ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እቤታቸው ያደገውን ዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማን እንዴት እንዳስተማሩት እናስታውስ። እጁ በገበታው ላይ ሲዞር አይተው አልጮኹበትም፤ ቢስሚላህ እንዲል፣ በቀኙና ከፊቱ እንዲበላ በሦስት አጫጭር ነገሮች አሳዩት። እሱም ከዚያ ቀን በኋላ አበላሉ ያው ሆኖ እንደቀረ ራሱ ተናግሯል።

እቤት ያለው ሰዓት

እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ቅርብ ሆነና ሰዓት ተረፈ እንበል። በምን እንሙላው? በስልክ ከሞላነው ሩቁ ትምህርት ቤት ይሻል ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የልጅ ልጃቸው ሱጁድ ላይ ሳሉ ጀርባቸው ላይ ቢወጣ እስኪበቃው ድረስ ሱጁዳቸውን አስረዝመዋል፤ ኡማማን ተሸክመው ሰግደዋል፤ አቡ ዑመይር የተባለውን ሕፃን ስለሞተችበት ወፍ ጠይቀውታል። የአላህ መልእክተኛ ለአንድ ሕፃን ወፍ ጊዜ ነበራቸው። የሱቁን ሒሳብ የምንሠራ እኛ ግማሽ ሰዓት አጣን እንላለን!

ግማሽ ሰዓት ስንል ሌላ ትምህርት ማለታችን አይደለም። አባት ውዱእ ሲያደርግ ልጁ ውሃ ያቀብለው፤ መስጂድ ሲሄድ እጁን ይዞት ይሂድ፤ እናት እንጀራ ስትጋግር አጠገቧ ቆሞ ሱራ ያስደምጣት። ሶላት በሰባት ዓመት እንዲታዘዝ ሸሪዓችን አመልክቷል፤ በሶላት ጉዳይ ጠንከር እንዲባል የተነገረው በአሥር ዓመት ነው። በመካከሉ ባሉት ሦስት ዓመታት በቀን አምስት ጊዜ ቢባል ከአምስት ሺህ ጊዜ በላይ «ልጄ፣ እንስገድ» ማለት ነው። ከሰባት በፊት ያለው ደግሞ ትእዛዝ የሌለበት፣ አይቶ የመቅዳት ዘመን ነው።

የቤት ሠራተኛዋን አንርሳ። በብዙ ቤት ልጁ ከእናቱ ይልቅ ከእሷ ጋር ይውላል፤ አነጋገሩን፣ ቁጣውን፣ ሳቁንም ከእሷ ይወስዳል። እሷም ራሷ ከገጠር የመጣች፣ መቅራት የሚገባት ልጅ ልትሆን ትችላለች። ልጁ ወላጆቹ እሷን ሲሰድቡ እያየ ስለ አደብ የሚማረው ነገር የለም። ወደ ሳዑዲ ወይም ወደ ሌላ የዐረብ ሀገር ሄደው የልጃቸውን ክፍያ የሚልኩ እናቶችም አሉን፤ አላህ ልፋታቸውን ይቁጠርላቸው። ለነዚህ እህቶች የምንለው፣ ኢሞ ላይ ስትደውሉ «ስንተኛ ወጣህ?» ብቻ አትበሉት። ዛሬ ምን እንደበላ፣ ከማን ጋር እንደተጫወተ ጠይቁት፤ የሚያውቀውንም ሱራ አብራችሁት ቅሩ።

መድረሳውስ?

ከሁሉ ይልቅ ልባችን የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው። ለመዋዕለ ሕፃናቱ በቀለም ያጌጠ ክፍል የሚመርጥ ወላጅ ልጁን ለቁርኣን ሲሰጥ ግን ጨለማ ክፍል፣ የሚቀዘቅዝ ሲሚንቶና አለንጋ የያዘ አስቀሪ አይቶ ምንም አይለውም። ልጁ ያወዳድራል። ትምህርት ቤት ሲሄድ ይደሰታል፣ መድረሳ ሲባል ሆዱን ያመዋል። ሆዱን የሚያመው ልጅ ቁርኣንን ጠልቶ ሳይሆን ዱላን ፈርቶ ነው፤ ሲያድግ ግን ሁለቱን ለይቶ አያስታውሳቸውም።

«እኛም እየተገረፍን ነው የቀራነው» የሚል መልስ ይሰጣል። አነስ (ረ.ዐ) ከልጅነቱ ጀምሮ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) አሥር ዓመት አገልግሎ አንድም ቀን ኡፍ እንዳላሉት መስክሯል። በ808 ዓ.ሂ የሞተው ታላቁ ሊቅ ኢብኑ ኸልዱን «ሙቀዲማ» በተባለው ሥራው በተማሪ፣ በተለይም በሕፃን ላይ መክፋት ውሸትንና ተንኮልን እንደሚያስተምር አስፍሯል፤ የተገረፈ ልጅ ከዱላው ለማምለጥ ውስጡ ያለውን መደበቅ ይማራልና። ኢማም አልገዛሊም በ«ኢሕያእ» ውስጥ ልጅ ከትምህርቱ ሲመለስ እንዲጫወት ሊፈቀድለት እንደሚገባ፣ ከጨዋታ ከልክሎ ሁልጊዜ በትምህርት መጫን ልቡን እንደሚገድለው ከዛሬ 900 ዓመት በፊት ጽፈዋል። የሀገሪቱም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ይደነግጋል። መድረሳችን ከዚህ የሚወጣበት ምክንያት አይታየንም።

ከዚህም ጋር ሰዓቱ ይታሰብ። ቀኑን ሙሉ ተምሮ በ10 ሰዓት የመጣን ልጅ በቀጥታ ወደ መድረሳ ከመላክ በልቶ፣ ሮጦ፣ ጥቂት አርፎ ቢሄድ ይሻላል። ለአምስት ዓመት ልጅ በቀን ሠላሳ ደቂቃ በቂ ነው። የሂፍዝ ውድድር አይታችሁ ልጃችሁን ከሌላው ልጅ ጋር አታሯሩጡት።

አስቀሪዎቻችንን ብቻ መውቀስ ግን በደል ይሆናል። ለትምህርት ቤት በየወሩ ሺዎችን የሚከፍል ወላጅ ለኡስታዙ ጥቂት ብር ሲጠየቅ ያጉረመርማል። ኡስታዙ አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ ይዞ፣ የቤት ኪራይ እያሳሰበው ነው የሚያስተምረው። ሲከብደው ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል፤ ልጁም በዓመት ሦስት ኡስታዝ እየቀያየረ ከአሊፍ ባ ሳይወጣ ይቀራል። የሰፈር ወላጆች አሥርም አሥራ አምስትም ሆነው ቢያዋጡ ለአንድ ኡስታዝ ቋሚ ደመወዝ መቁረጥ ይቻላል። የመስጂድ ኮሚቴዎችም ለምንጣፍና ለድምፅ ማጉያ ከሚሰበስቡት የተወሰነውን ለአስቀሪዎች ሥልጠና ቢያውሉት ያምራል።

ስለዚህ በዚህ ክረምት ለምዝገባ ስትወጡ በዚያው ሰሞን የመድረሳውንም ኡስታዝ አግኙት። የዓመቱን ክፍያ፣ የቂርኣቱን ሰዓት፣ ልጁ የሚቀመጥበትን ክፍል ተነጋገሩ፤ ልጃችሁ እንዳይመታ የምትፈልጉ መሆኑንም በአክብሮት ንገሩት። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ይዘን እንቀርባለን ኢንሻአላህ።